ዋናው ሪሲቨር ሲጎዳ ተጠባባቂው ቦታውን መውሰድ ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂው አባት ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። በትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች) ነው፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ሆኖ ቤንች ላይ ነው የከረመው። ባለፈው ዓርብ ከሱ በፊት የሚሰለፈው ልጅ ጭኑን ተጎድቶ ወጣ። ሦስት አራት ጨዋታ አይመለስም ተባለ። እኔ የማውቀው የኛን ኳስ ነው፣ ይሄኛው ብዙም አይገባኝም። አንድ ጨዋታ ላይ ጥሩ ካሳየ ቦታው የሱ ይሆናል? በሳምንት ሁለት ቀን የግል አሰልጣኝ ልቅጠርለት? ካልሆነስ ትምህርት ቤት ብንቀይርለት ይሻላል?»

ይችላል። ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ አይደለም፣ በአንድ ጨዋታም አይደለም። ልጁ የሌላውን ልጅ ቦታ ስለመቀማት ከሚያስብ ይልቅ፣ ዋናው ሲመለስ ኮቹ «ይሄን ልጅ እንዴት ነው የማስወጣው?» ብሎ እንዲቸገር ማድረግ ላይ ቢያተኩር ነው የሚያዋጣው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ቦታ ለመቀማት የገባ ልጅ ተአምር ለመሥራት ይሞክራል። ተአምር የሚሞክር ሪሲቨር ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ሪሲቨሮችን ሳሰለጥን ከማንም በላይ ያስቸገሩኝ እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ከኛ ኳስ ጋር ያለውን ልዩነት እናጥራ። በእግር ኳስ ተቀይሮ የገባ አጥቂ ኳስ ካልደረሰው ወደ መሀል ይወርዳል፣ ይቀማል፣ ያታልላል። አስር ደቂቃ ካገኘ ራሱን ማሳየት ይችላል። ሪሲቨር ይህን ማድረግ አይችልም። ኳሱ እሱ ጋ እንዲደርስ ኮቹ የመወርወር ፕሌይ (ቀድሞ የተዘጋጀ አጨዋወት) መጥራት አለበት፣ ከፊት ያሉት አምስት ግዙፍ ልጆች ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን) ለሁለት ለሦስት ሰከንድ መከለል አለባቸው፣ ኳርተርባኩ ወደሱ አቅጣጫ ማየት አለበት፣ ካየው በኋላ ደግሞ ሊያምነው ይገባል። ከነዚህ አንዷ ከተበላሸች ልጅዎ ጠባቂውን አምስት ያርድ ጥሎት ቢሮጥም ማንም አያውቅለትም። ብዙ የሃይስኩል ቡድኖች ደግሞ ከመወርወር ይልቅ ይዘው መሮጥ ይወዳሉ። አንድ ሪሲቨር ሙሉ ጨዋታ ተሰልፎ ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢወረወርለት የሚገርም አይደለም። ስለዚህ ስታዲየም ተቀምጠው ስንት ያዘ እያሉ የሚቆጥሩ ከሆነ ይተዉት፣ ትክክለኛውን ነገር አይደለም እየቆጠሩ ያሉት።

«ሁለት ዓመት ቤንች ላይ» የሚለውንም እንደ ውርደት አይዩት። ኮቹ ልጁን ጠልቶት ላይሆን ይችላል። ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። በኤንኤፍኤል (በትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ) እንኳ አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ይይዛል፣ በጨዋታ ቀን ቢበዛ 48 ናቸው ለብሰው የሚገቡት፣ ከነዚህ ውስጥ ሪሲቨሮቹ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው፣ ሜዳ ላይ አብረው የሚቆሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት። ከሦስቱ ኋላ ያለው ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መጠበቅ አለበት።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ስለ እሱ ብዙ ወላጅ አያውቅም። የልምምድ ጊዜ ውስን ስለሆነ አብዛኛውን ድግግሞሽ የሚያገኙት ቋሚዎቹ ናቸው። ተጠባባቂው በሳምንቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው የሚመጣውን ተጋጣሚ ማስመሰል ነው። የራሱ ቡድን ተከላካዮች እንዲዘጋጁ የሌላውን ቡድን ፕሌይ ይሮጥላቸዋል። ይሄ ማለት ልጅዎ መስከረምን ሙሉ ከራሱ ቡድን ፕሌይ ይልቅ የሌሎችን ሲለማመድ ነው የቆየው። ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ «ግባ!» ይባላል። ግራ የገባው ቢመስል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

እንግዲህ የተሳካላቸውን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቪክቶር ክሩዝ የፓተርሰን፣ ኒው ጀርሲ ልጅ ነው። በ2010 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ በሚመርጡበት) ማንም አልመረጠውም። ኒው ዮርክ ጃየንትስ አስፈረሙት። በዚያው ነሐሴ ከውድድሩ በፊት በሚደረግ የመዘጋጃ ጨዋታ ላይ ጄትስን አግኝቶ 6 ኳስ ያዘ፣ 145 ያርድ፣ 3 ታችዳውን (በኛ ኳስ ጎል እንደ ማግባት ነው)። አንድ ጨዋታ ይበቃል ቢባል ኖሮ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? አልበቃም። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር አንድም ኳስ አልያዘም፣ ጭኑን ተጎድቶ ዓመቱ አለቀበት። በ2011 ግን ከቡድኑ ሪሲቨሮች ስቲቭ ስሚዝ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፣ ዶመኒክ ሂክሰን ጉልበቱን ተጎዳ፣ ማሪዮ ማኒንግሃም ደግሞ ለሦስተኛው ሳምንት ጨዋታ በኮንከሽን (ጭንቅላቱን ተመትቶ) ቀረ። ክሩዝ ገባ። ፊላደልፊያ ላይ 3 ኳስ ብቻ ያዘ፤ ግን 110 ያርድና 2 ታችዳውን ሆኑ። ዓመቱን በ82 ኳስና በ1,536 ያርድ ጨረሰ፣ የጃየንትስ ሪከርድ ሆነ፣ ሱፐር ቦውሉንም (የዓመቱን የፍጻሜ ጨዋታ) በሉ። ሰው የሚያስታውሰው ታችዳውን አግብቶ ሳልሳ ሲጨፍር ነው። እኔ ግን ልጆች ላይ ደጋግሜ የማነሳው በነዚያ ሁለት ጨዋታዎች መካከል ያለውን ባዶ ዓመት ነው። የመጀመሪያው ድንቅ ቀን ምንም አላመጣለትም። ሁለተኛው ያመጣለት በማግስቱም፣ ከዚያም ቀጥሎ ባለው ሳምንት እዚያው ስለነበረ ነው።

አዳም ቲለን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከማንኬቶ፣ ከትንሽ ኮሌጅ ወጥቶ በ2013 ቫይኪንጎች ጋ ለሙከራ ነው የገባው። የመጀመሪያውን ዓመት በልምምድ ቡድን አሳለፈ። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ዓመታት በድምሩ 20 ኳስ ብቻ ነው የያዘው። ታዲያ ለምን አላባረሩትም? በስፔሻል ቲም ነው የኖረው፤ ኳስ ሲመታና ሲመለስ በሚገባው ቡድን ማለት ነው። በ2014 ካሮላይና ላይ የተመታ ፐንት (ኳሱን ለማራቅ በእግር የሚመታ ምት) አግዶ ራሱ ይዞት ሮጦ ታችዳውን አስቆጥሯል። በ2016 ቦታ ሲያገኝ 967 ያርድ፣ በ2017 ደግሞ 1,276 ያርድ ሄደ። ጁሊያን ኤድልማንም እንደዚሁ ነው፤ ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበር፣ በ2009 በመጨረሻው ዙር ተመረጠ፣ በአራት ዓመት ውስጥ 69 ኳስ ያዘ፣ ፐንት መለሰ፣ ሰው ሲጎድል ተከላካይ ሆኖ ሁሉ ገባ። በ2013 የቡድኑ ዋና ሪሲቨር ዌስ ዌልከር ወደ ዴንቨር ሲሄድ በአንድ ዓመት ብቻ 105 ያዘ።

ከእርስዎ ልጅ ሁኔታ ጋር በጣም የሚቀርበው ግን ፑካ ናኩዋ ነው። በ2023 ራምስ በአምስተኛው ዙር፣ በ177ኛ ቁጥር መረጡት። የቡድኑ ዋና ሪሲቨር ኩፐር ካፕ ጭኑን ታሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ሲቀር ናኩዋ በመጀመሪያው ቀን ሲያትል ላይ 10 ኳስ ያዘ፣ በሁለተኛው 15። ካፕ ሲመለስ ቤንች ላይ የተመለሰ መሰለዎት? አብረው ተሰለፉ። ዓመቱን በ105 ኳስና በ1,486 ያርድ ጨረሰ፣ ሁለቱም የጀማሪ ተጫዋቾች ሪከርድ ነበሩ። ከላይ ያልኩት ይሄንን ነው። ናኩዋ የካፕን ቦታ አልወሰደም፤ ሦስት ሰው በሚሰለፍበት ቦታ ላይ እሱ የሌለበትን ቡድን ማሰብ አስቸጋሪ አደረገው።

አሁን ደግሞ መስማት የማይፈልጉትን ልንገርዎ። ብልጭ ብለው የጠፉት ብዙ ናቸው። ትራቪስ ፉልገም በ2020 ፊላደልፊያ ውስጥ ሪሲቨሮቹ ሁሉ ተጎድተው ባለበት ሰሞን ከልምምድ ቡድን ወጥቶ ገባ፣ በአምስት ጨዋታ 435 ያርድ ሄደ። አገር ምድሩ ስሙን ጠራው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ድምሩ 539 ብቻ ነበር። በቀጣዩ ነሐሴ ቡድኑ ለቀቀው። ኬቪን ኦግልትሪ በ2012 የመክፈቻ ጨዋታ ለዳላስ 8 ኳስ፣ 114 ያርድ፣ 2 ታችዳውን አገባ፤ የዓመቱ ጠቅላላ 32 ኳስና 436 ያርድ ሆነ። ክሪስ ማቲውስ ደግሞ በኤንኤፍኤል የመጀመሪያ ኳሱን የያዘው ሱፐር ቦውል ላይ ነው! የካቲት 2015፣ ለሲያትል፣ 4 ኳስ፣ 109 ያርድ። ከዚያ በላይ መድረክ የለም። በቀጣዩ ውድድር ዓመት መሀል ሲያትል አሰናበተው።

ለምን ይሄ ይሆናል? አንደኛ፣ አዲስ ሰው ሲገባ ተጋጣሚው አያውቀውም። ፊልም የለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን የሚወደውን ሩት (የሩጫ መስመር)፣ በየትኛው እግሩ እንደሚነሳ፣ ከፊቱ ቆመው ሲገፉት ምን እንደሚያደርግ ሁሉ ቪዲዮ ላይ ይወጣል። መልስ ከሌለው በቃ፣ ተዘጋ። ሁለተኛ፣ የተጎዱት ይመለሳሉ፤ ደመወዛቸው ትልቅ የሆኑት ከተመለሱ ኳሱ ወደነሱ ይሄዳል። በሃይስኩል ደመወዝ የለም፣ ግን ሲኒየር የሚባል ነገር አለ፣ ኮቹም የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ያለ ልጅ ይከብደዋል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ዕድል ነው። አንዳንድ ቀን ኳሱ ወደ አንተ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም፤ ከአንድ ጨዋታ ተነስቶ ችሎታን መለካት ለባለሙያውም ያስቸግራል።

ደግሞ የምንሰማው የተሳካላቸውን ታሪክ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 32ቱ ቡድኖች ከ90 ወደ 53 ሲወርዱ ከሺህ በላይ ተጫዋቾች ይቀነሳሉ። ከነሱም ብዙዎቹ ጎበዝ ናቸው፣ ብዙዎቹም በነሐሴ ጥሩ ጨዋታ ተጫውተዋል። ስለዚህ የክሩዝን ታሪክ ለልጅዎ ሲነግሩት እንደ ተስፋ ቃል አድርገው አይንገሩት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ባሉት ሦስት አራት ሳምንታት ልጁ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ፕሌይቡኩን (የቡድኑ ፕሌዮች የተጻፉበትን) ይጨርስ። የራሱን ቦታ ብቻ አይደለም፣ የሦስቱንም። በመስመሩ ላይ ቆሞ ጠባቂ ፊቱ የሚለጠፍበት ሪሲቨር አለ፣ በሌላው ጎን ትንሽ ኋላ የሚቆም አለ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚቆም አለ። ተጠባባቂ ዋጋው የሚጨምረው ሦስቱም ጋ ሊቆም ሲችል ነው፣ ምክንያቱም ዋናው ሲመለስ ሌላ በር ይከፈትለታል። ኮቹ «12 ያርድ ላይ ታጠፍ» ካለ 12 ነው፣ 10 አይደለም። ሁለት ያርድ ምን አላት ይሉ ይሆናል። ኳርተርባኩ እኮ ብዙ ጊዜ የሚወረውረው ልጁ ከመታጠፉ በፊት ነው፣ ይደርሳል ብሎ ባሰበው ቦታ ላይ። ልጁ ቀድሞ ከታጠፈ ኳሱን የሚያገኘው ተከላካዩ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ ተመልካች ፊት የኳርተርባኩ ይመስላል። ኳርተርባክ እንዲህ ካደረገው ልጅ ጋር ቶሎ አይታረቅም። ተከላካዮቹ በብዛት ኳርተርባኩ ላይ ሲመጡ ልጁ ሩቱን አሳጥሮ ወዲያው መዞር የሚባለውንም ማወቅ አለበት። ተጠባባቂዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸው ላይ አይደለም።

ከኳርተርባኩ ጋር ከልምምድ በኋላ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ሙሉ ሩጫ አያስፈልግም፣ ግማሽ ፍጥነት ይበቃል። ዓላማው ኳርተርባኩ የልጁን አካሄድ እንዲለምደው ነው። ሁለቱ እንደ ጓደኛ ቢያወሩም አይጎዳም፤ ኳርተርባክም ሰው ነው፣ ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ልጅ ነው የሚወረውረው።

ብሎክ ያድርግ። ይሄን በትልቁ ይጻፉልኝ። ሌላው ልጅ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከፊቱ ያለውን ተከላካይ መግፋት ማንም አያጨበጭብለትም፣ ሰኞ ፊልም ሲታይ ግን ኮቹ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጃዋን ጄኒንግስ በ2020 በሰባተኛው ዙር ነው ሳንፍራንሲስኮ የመረጠው፤ ለዓመታት ሜዳ ላይ ካቆዩት ነገሮች አንዱ የብሎክ ጉልበቱ ነው። መስከረም 2024 ታዋቂዎቹ ተጎድተው ሲቀሩ ራምስ ላይ 11 ኳስ፣ 175 ያርድ፣ 3 ታችዳውን። ዓመቱን በ975 ያርድ ጨረሰ። ስፔሻል ቲም ላይም «እኔን አስገቡኝ» ይበል። አሁን ቋሚ ሆኛለሁ ብሎ ከኪክኦፍ (ከመጀመሪያው ምት) ቡድን መውጣት ትልቅ ስህተት ነው። ዋናው ሲመለስ ልጅዎን ሜዳ ላይ የሚያቆየው ስፔሻል ቲም ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ጥቅምት 27፣ 2024ን አይረሳም። ላንዶቨር፣ ቺካጎ 15 ለ 12 እየመራ፣ ሰዓቱ አልቋል። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ የ52 ያርድ ታችዳውን የሆነችውን ኳስ ወረወረ፣ ሁሉም ዘለለ፣ ኳሷ በሰው እጅ ተነክታ ኋላ ወደቀች። እዚያ ኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ነበር፣ ከሁለት ወር በፊት ሂዩስተን የለቀቀው ልጅ። ያዛት፣ ዋሽንግተንም አሸነፈ። ሰው ዕድል ነው ይላል። እንዲህ ባለ ፕሌይ ላይ ግን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የተነካችውን እንዲጠብቅ ይመደባል፣ ብራውንም ሌሎቹ ጋ ሄዶ አልዘለለም። አብዛኛው ተጠባባቂ ግን ይዘል ነበር።

የግል አሰልጣኝ ጉዳይ፦ አሁን አይቅጠሩ። በውድድር መሀል በሳምንት ሁለት ቀን ተጨማሪ ሩጫ ማለት የደከመ እግር ላይ ሌላ ድካም መጨመር ነው። የጭን የኋላ ጡንቻ ደግሞ ሪሲቨሮችን የሚበላው በዚህ ነው፤ ዋናውንም ልጅ ያስቀመጠው እሱ ይመስለኛል። ከዚህ ሌላ የግል አሰልጣኙ አንድ አነሳስ ያስተምረዋል፣ የትምህርት ቤቱ ኮች ሌላ፣ ልጁ መሀል ላይ ይቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዘቡን ለጥር ያስቀምጡት፤ ያኔ ሲቀጥሩም መሰላል ገመድ ላይ ሲያስጨፍር በስልክ የሚቀርጸውን ሳይሆን ፊልም አስቀምጦ የሚያስረዳውን ይምረጡ።

ጤና ላይ ቀልድ የለም። ይህን ዕድል ላለማጣት ብሎ ልጁ ሕመም ሊደብቅ ይችላል፣ ተጠባባቂዎች ከማንም በላይ ይደብቃሉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ ነገር መርሳት ካየ ወይም እርስዎ ካዩበት ያን ቀን ሜዳ አይመለስም፣ የጤና ባለሙያ ፈቅዶ ሳይጽፍለትም ልምምድ አይገባም። ይህ ሕግ ነው፣ የኮቹ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ጭኑ ከጎተተውም ማስታገሻ ውጦ መሮጥ የለበትም፤ አንድ ሳምንት የሚያስቀር ነገር በዚህ መንገድ ነው ሁለት ወር የሚሆነው። ልጁ የሚጾም ከሆነ ደግሞ የሃይስኩል ጨዋታ ዓርብ ማታ መሆኑን አይርሱ። የጾም ምግብ ራሱ ችግር የለውም፣ ሽሮና ምስር ለጡንቻ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ምሳ ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ እስከ ማታ ቆይቶ ሲገባ ነው። ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገሩበት፣ ለቡድኑ የጤና ባለሙያም ይንገሩ።

ለእርስዎም አንድ ሁለት ነገር። ስለ ጨዋታ ደቂቃ ኮቹ ጋ አይደውሉ። ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፣ «ለምን አልገባሁም» ሳይሆን «ሜዳ ላይ እንድቆይ ምን ላሻሽል?» ብሎ። እና ሲያናግረው ዓይኑን ይየው። ቤት ውስጥ ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋት ነው ያስተማርነው፤ እዚህ ኮች ይህን «አይሰማኝም» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ብዙ የሀበሻ ልጆች በዚህ ተጎድተዋል፣ እኔም በጆሮዬ «ልጁ ፍላጎት የለውም» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልጁ ግን ያከብረው ነበር እንጂ።

ትምህርት ቤት መቀየር፦ አይቀይሩ። በቨርጂኒያ ወላጆች መኖሪያ ሳይለውጡ ልጅ ትምህርት ቤት ከቀየረ አንድ ዓመት ከውድድር ሊታገድ ይችላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን ለ11ኛ ክፍል ልጅ የመጨረሻ ዓመቱን በዚህ መቆመር አያዋጣም። አዲስ ቦታ ሄዶም እንደገና ከመጨረሻው ነው የሚሰለፈው፣ አዲስ ፕሌይቡክ፣ የማያውቀው ኳርተርባክ። ከጀርባዎ ስኮላርሺፕ የሚባል ሐሳብ ካለም በልክ ይያዙት። የሃይስኩል ፉትቦል ከሚጫወቱት ውስጥ በኤንሲኤኤ (በኮሌጆች የስፖርት ማኅበር) ደረጃ ኮሌጅ የሚጫወቱት ከመቶ 7 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ከነሱም ጥቂት የማይባሉት በዲቪዥን ሦስት (በሦስተኛው እርከን) ናቸው፣ እዚያ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱ ከኳሱ የበለጠ ገንዘብ ሊያመጣለት ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። እዚያው ይቆይ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ምንም ተጨማሪ ነገር አይቅጠሩለት፣ ምንም አይቀይሩ። እስከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ ስንት ፕሌይ ላይ ቦታህን ሳትክ፣ ስንት ጥሩ ብሎክ አደረግህ፣ በስፔሻል ቲም ገባህ ወይ። መጀመሪያው ቁጥር እየወረደ፣ ሁለተኛው እየጨመረ ከሄደ አንድም ታችዳውን ባያገባ ዕድሉን እየተጠቀመበት ነው። ያ ተጎድቶ የነበረው ልጅ ልምምድ ሲጀምር ደግሞ ልጅዎ ቀድሞ ሄዶ ያሳለፋቸውን ሳምንታት ያስረዳው፤ የትኛው ተከላካይ እንዴት እንደሚጫወት ይንገረው። ኮች ይህን ያያል። ከዚያ በኋላ ቋሚ ሆነም አልሆነም፣ ኅዳር ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ቀጠሮ ይዞ ከኮቹ ጋር ይቀመጥና ለ12ኛ ክፍል ዓመቱ በየትኛው ቦታ እንደሚያስበው በቀጥታ ይጠይቀው። መልሱን ከሰሙ በኋላ በጥር ማንን እንደሚቀጥሩና ምን እንደሚሠራ ይወስናሉ።